ሁለት ለባዶ ብዬ ዝም ያልሁ ዕለት

ነገሩ የሆነው ካቻምና ለፋሲካ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው በእኔ ምክንያት አንድ ሙክት ያለ ቀኑ ስለታረደ ነው። ሙክቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባለቤቱንም እንደዚያው።

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በቀዳም ስዑር ተረኛ ሆኜ ገባሁ። ከተማው በበግና በዶሮ ገዢ ተጨናንቋል፤ የእኛ ክፍል ግን ጭር ብሏል። ከቀትር በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ሄሎ ግዛቸው! ገባ ወይስ አልገባም?» አሉኝ አንድ ትልቅ ሰው እየጮኹ።

የታካሚ ቤተሰብ መሰሉኝ። «ማን ነው የሚገባው? አልጋ ፈልገው ነው?» አልኋቸው።

«የምን አልጋ? ጎሉን ነው እንጂ!»

ቁጥር ተሳስተዋል ብዬ ዘጋሁ። ወዲያው ደወሉ። አሁንም ነገርኋቸው። በሦስተኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ያለሽው ጎንደር ነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ «እንግዲያማ ተሳስቼም አልተሳሳትሁ» ብለው ሳቁ።

ስማቸው አያ ጥጋቡ ነው። የሚኖሩት አዲ አርቃይ ነው። በወጣትነታቸው ጎንደር ግንበኛ ሳሉ ለአንድ የሰፈር ክለብ ተከላካይ ሆነው ተጫውተዋል። ያ ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል፤ አንዱ ያን ዕለት፣ ሌላው ሰኞ። በሬዲዮ የሚያስተላልፈው የለም። ውጤት የሚነግራቸው የወንድማቸው ልጅ ግዛቸው ስልኩን ቀይሮ፣ አዲሱን ቁጥር የጻፈላቸው ሰው አንዷን አሃዝ ስቶ ኖሮ እኔ ላይ ጣላቸው።

ሜዳው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ጩኸቱ በመስኮት ይገባል። ወጥቼ የበሩን ጥበቃ ጠየቅሁና፣ «አንድ እኩል አልቋል» አልኋቸው። «ወይኔ!» አሉ። ክፉ የምርመራ ውጤት የነገርኋቸው መሰለኝ።

«ግድ የለም» አሉ ቀጥለው። «ሰኞን ካሸነፍን እናልፋለን። ስምሽ ማነው?»

«ትዕግስት።»

«አየሽ! የደጋፊ ስም ነው ያወጡልሽ።»

በፋሲካው ዕለት ጠዋት እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ደወሉ። የግዛቸውን ትክክለኛ ቁጥር አግኝተው ነበር። «ታዲያ ምነው ለእሱ አይደውሉም?» ብላቸው፣ «እሱማ ስልክ አያነሳም። አንቺ ሸጋ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ሙክቱ ነገሩኝ። ለበዓሉ በግ አርደዋል፤ ሙክቱን ግን ለሰኞ አቆይተውታል። ክለቡ ካለፈ አርደው ጎረቤቱን ሁሉ ሊያበሉ ተስለዋል። ካላለፈ ሙክቱ ገበያ ይወጣል።

ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። «የክለባችን ደጋፊ» አልሁት። «ክለባችን» ማለቴን የነቃሁት እሱ ሲስቅብኝ ነው።

ሰኞ ሥራ አልነበረኝም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሜዳ ሄድሁ፤ ያውም ጃንጥላ ይዤ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች እንዳጥፈው ለመኑኝ፤ አጠፍሁት። ጨዋታው እንደተጀመረ አያ ጥጋቡ ደወሉ።

«ኳሷ የት ናት?»

«ወደ ጠላ ቤቱ በኩል ሄዳለች።»

«ጠላ ቤቱ በማን ጎል በኩል ነው? በእኛ ነው በእነሱ?»

«እኛ ቢጫ ለባሾቹ ነን አይደል?»

«በስመ አብ!» አሉ።

እንደምንም ተግባባን። ቢጫ ለባሾቹ ግን መሮጥ አቅቷቸዋል። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ትናንት የፈሰኩ ልጆች ናቸው። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ፣ «እነሱ መች መጡ? የበሉት ዶሮ ነው ሜዳ የገባው» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ሙክቱን እያሰብሁ መሳቅ አቃተኝ።

ከዕረፍት በፊት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሁለቱም ጎሎች የገቡብን ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የእኛ ልጆች አቧራው ላይ ዘርፈጥ ዘርፈጥ አሉ። በረኛው ፊቱን በማልያው ሸፍኖ አለቀሰ። ይኼኔ ኔትወርኩ ተመልሶ ስልኬ ጮኸ።

«ትዕግስት፣ ሰዉ ሁሉ ደጄ ተሰብስቧል። ቶሎ በይ! ስንት ለስንት?»

«ሁለት ለባዶ» አልሁ።

«ለእነሱ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ሳትወጣ ስልኩ በእልልታ ተሞላ። ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ መሀል ደግሞ የአያ ጥጋቡ ድምፅ፤ «ቢላዋውን አምጡ!»

እውነቱን ልናገርና ጊዜ ነበረኝ። ሁለት ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። እልልታውን ሰምቼ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ወዲያው ቆጨኝና መልሼ ብደውል ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ሞከርሁ። ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ወጥ ገፋ አደረግሁት። ባለቤቴ፣ «አንድ ሙክት ነው እኮ» ቢለኝ፣ «የሰው ስለት ነው!» ብዬ ጮኽሁበት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ራሳቸው ደወሉ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«አያ ጥጋቡ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለእነሱ ነው ማለት ነበረብኝ።»

«ሙክቱ ታርዶ፣ ሥጋው ምድጃ ላይ ወጥቶ ሳለ አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር ከጎንደር ደረሰ። ሲያየን ጊዜ፣ ‹ማን አለፈ ብለዋችሁ ነው?› አለ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ና አንተም ቁጭ በል አልሁት። በላን። ጎረቤቶቼ እስካሁን መሳቂያ አድርገውኛል። በሽንፈት እንዲህ ካበላኸን፣ ያሸነፍህ ዕለትማ በሬ ሳትጥል አትቀርም ይሉኛል።»

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ድምፃቸው ለስለስ አለ።

«ደግሞ አውቄ ነበር እኮ» አሉ። «ድምፅሽ ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም። ግን ከዚያ ከክፉው የጦርነት ጊዜ ወዲህ ደጄ እንዲያ በሰው ሞልቶ አያውቅም። ለማን ነው ብዬ ብጠይቅሽ ሊበተኑብኝ ነው። ስለዚህ አልጠየቅሁሽም።»

«የሚቀጥለውንም ጨዋታ እኔው እነግርዎታለሁ» አልኋቸው።

ክለባችን ዘንድሮም አላለፈም። ከአያ ጥጋቡ ጋር እስካሁን በአካል ባንገናኝም ጨዋታ ባለ ቁጥር እንደዋወላለን። ያቺን ዝምታዬን ሳስታውስ አንዳንዴ አፍራለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ደስ ይለኛል። ቢሆንም ተምሬበታለሁ። አሁን ውጤት ስናገር አስቀድሜ «ተሸነፍን» ወይም «አሸነፍን» እላለሁ፤ ቁጥሩ ኋላ ይመጣል።

አያ ጥጋቡ ይህን አልወደዱልኝም። «ምነው ልጄ፣ እስኪ ትንሽ እንኳ አጓጊኝ!» ይሉኛል።