መጨረሻ ያበበችው ሰላጣ

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። ከሐረር ፈላና በር ውጭ ወዳለው ወደ እሜቴ ግቢ ስገባ ልጄን ብርቄን በእጄ ይዣለሁ፤ ያለኝ ዕቃ ሁሉ ራሴ ላይ ባለው ቅርጫት ገብቷል። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። የግቢው አዛዥ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ፊደል ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«እስከ መ ድረስ አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ ሰላጣው ጋ አልደረስሽም» ብለው ሳቁ።

ዶማ፣ መኮትኮቻና አንድ እንስራ ሰጡኝ። ከአትክልቱ ጥግ ያለችውን ክፍል አሳዩኝና «እዚህ ታድራላችሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከዚህች ክፍል ያስወጡን ይሆን ብዬ ፈራሁ። ደስታውና ፍርሃቱ በአንድ በር ነው የገቡብኝ።

አትክልቱ አሥራ ሁለት መደብ ነበር። ክረምቱ ሲያባራ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ብርድ የሚወዱትን እናለማለን፦ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል። በርበሬን በዚያ ወቅት የሚተክል ሰው ድካሙን ነው የሚያጭደው። ከዓመት ዓመት የሚቆዩት ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ጤና አዳም ውሃ የሚተኛበትን ስለማትወድ ከግንቡ ሥር ናት። ጠጅ ሣሩ ከቦዩ ዳር ነው። ጤና አዳምን ከዘር አልጀምራትም፤ ሽታዋ ከምወደው ቅርንጫፍ ቆርጬ እተክላለሁ። እናቲቱ ከሸተተች ልጅቱም ትሸታለች።

ከነጭ ሽንኩርቱ ትልልቁን ራስ ለዘር አስቀርቼ ትንንሹን ለወጥ ቤት እሰጣለሁ። ወጥ ቤቶቹ «ለመሬቱ ታጎርሻለሽ፣ ለእኛ ትሰስቻለሽ» ይሉኝ ነበር። ይበሉ። በሽንኩርቱ አልተሳሳትሁም።

የተሳሳትሁት በሰላጣው ነው። እኛ ቤት በኵር የእግዚአብሔር ነው። መጀመሪያ የደረሰው እሸት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እናቴ ከሁሉ ቀድሞ ያፈራውን በረከት አለው ብላ ለዘር ታስቀር ነበር። እኔም ከሰላጣው መደብ ቀድማ አገዳ ያወጣችውን፣ ቀድማ ያበበችውን እየመረጥሁ ዘሯን በጨርቅ ቋጠርሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግሁ፤ ጎበዝ የሆንሁም መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በነቢያት ጾም፣ መደቡ በሙሉ ቅጠሉ ሳይጠና አገዳ አወጣ። አገዳ ያወጣ ሰላጣ ደግሞ ይመራል። የእሜቴ እህት ከጨርጨር መጥተው ነበር፤ እህትማማቾቹ በየዓመቱ ቁልቢ ገብርኤልን የሚሳለሙት አብረው ነው። እንግዳዋ በጾሙ ገበታ ላይ አንድ ጉርሻ ቀመሱና፣

«ይህ ሰላጣ ነው ወይስ ኮሶ?» አሉ።

ገበታው ሁሉ ሳቀ። እሜቴ አልሳቁም።

በማግስቱ አስጠሩኝ። «የዛሬ ዓመት በጾሙ እንዲህ ያለ ነገር ገበታዬ ላይ ብታቀርቢ አንቺ ወፍጮ ቤት ትገቢያለሽ። ልጅሽን እህቴ ትወስዳታለች፤ የምትላላክላት ልጅ ትፈልጋለች» አሉኝ።

ጨርጨር በበቅሎ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጠየቅሁ። ምነው ባልጠየቅሁ አልሁ። ብርቄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ለእርሷ አልነገርኋትም።

በኤረር በር አትክልት የሚሸጡ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የእርሳቸው ሰላጣ እስከ ጥር አይመርም። ሄጄ ከፊታቸው ተቀመጥሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው።

«ለዘር የትኛዋን ነው የምታስቀሪው?» አሉኝ።

«ቀድማ ያበበችውን።»

አዴ ፋጡማ ጭናቸውን መቱ። «ያ ረቢ! የዓመቱን እኩሌታ እየጾማችሁ ቅጠል ስትበሉ ትከርማላችሁ፣ ቅጠል መምረጥ አታውቁም? ችኩሏ ችኩል ነው የምትወልደው!»

«በኵር በረከት አለው ብዬ ነው፣ አዴ።»

«ለባቄላ ይሁን። ከባቄላ የምትፈልጊው ፍሬውን ነው፣ ቶሎ ይምጣልሽ። ከሰላጣ የምትፈልጊው ቅጠሉን ነው። አላብብም፣ አላብብም ብላ መጨረሻ ያበበችውን ያዢ። እኔ ማንም እንዳይቆርጣት ቀይ ክር አስርባታለሁ። ባሌ እንኳ ቢነካት ወላሂ ያን ቀን እራት የለውም!»

ከዚያ ከቅል ውስጥ አንድ ቁንጥር ዘር አውጥተው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ። «አባቴ ግብጾቹ ሐረር ሳሉ ጀምሮ ያቆየው ነው። ብትጥይው አልምርሽም» አሉኝ።

መስቀል አልፎ ልዘራ ስዘጋጅ አዛዡ የወረቀት ከረጢት ይዘው መጡ። ከላዩ ላይ ሥዕል አለበት። «የፈረንጅ ዘር መጥቶልሻል። እይ፣ የሕፃን ራስ ያህላል! ይህን ከውሃው አጠገብ ካለው መደብ ዝሪው» አሉኝ።

«እሺ፣ ጌታዬ» አልሁ።

እዚያ አልዘራሁትም። ሥዕሉን አገላብጬ አየሁት። ሰላጣው የት አገር፣ በስንተኛው ወር እንደተሣለ የሚነግረኝ ነገር የለም። የፈረንጁን ወደ ላይኛው መደብ ወሰድሁት። የአዴ ፋጡማን ከውሃው አጠገብ ዘራሁት። አዛዡን ሳልታዘዝ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። አዛዡ ሳያዩኝ ልጨርስ ስቸኩል ዘሩ አንድ ቦታ ላይ በዛ፤ በኋላ ችግኙን ነቅዬ አራርቄ ተከልሁት።

ሰላጣ አገዳ ሊያወጣ መሆኑን ልቡን ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። መሐሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ደኅና ነው። ጣት ላይ ሾል ካለ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ እያንዳንዱን እዳስስ ነበር። የላይኛው መደብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሾለ። ያኛው ሰላጣ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ አገር የተመረጠ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከውሃው አጠገብ ካለው ከታችኛውም መደብ አንዷን ሾላ አገኘኋት። ነቅዬ ከነጠላዬ ሥር ደበቅኋትና ለግቢው ፍየሎች ሰጠሁ። በማግስቱ ሁለት ሆኑ።

«እማዬ፣ ደኅናውን ሰላጣ ለምን ትነቅይዋለሽ?» አለች ብርቄ።

«ዝም በይ።»

«ፍየሎቹ እኮ ከእኛ በለጡ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስዳስስ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። በአራተኛውም እንደዚያው። ግን ሌሊት የሚነሣው አገዳ ጠዋት ይታያል እያልሁ እስከ ታኅሣሥ እንቅልፍ አልነበረኝም።

እንግዳዋ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አዛዡ ወደ አትክልቱ ወረዱ። «የታለ ሥዕሉን የሚመስለው?» አሉ።

ወገቤን የሚደርሰውን የላይኛውን መደብ አሳየኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ታችኛው ዞሩ። «ይህስ?»

«የኤረር በር ዘር ነው፣ ጌታዬ።»

ጢማቸውን አሻሹ። «እሜቴ ከጠየቁሽ የፈረንጁ ነው በያቸው» ብለው ሄዱ።

እሜቴ አልጠየቁኝም። ገበታው ቀረበ፤ ትንሽ ቆይቶ ተጠራሁ። ከበሩ ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ። እንግዳዋ አፋቸውን እየጠረጉ፣

«የአምናው ኮሶ ወዴት ሄደ?» አሉኝ። ስቀዋል። «ልጅሽ አብራሽ ትሠራለች አሉ። እንግዲያ የግድ ትምጣልኝ! ለእኔም እንዲህ ያለ ታልማልኝ።»

አትክልቱ ቢጠፋ ይወስዷት ነበር። አምሮም ሊወስዷት ነው። ያን ሁሉ ጠዋት ጣቴን ጤዛ ውስጥ ሳስገባ ይህ አልታየኝም።

ከእሜቴ ፊት ሳይጠይቁኝ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ተናገርሁ። «እመቤቴ፣ አሁን ብትሄድ ባዶ እጇን ነው። ዘሩ ገና መሬት ላይ ነው። መጨረሻ የምታብበዋን ለይታ ክር የምታስረው እርሷ ናት፤ የእኔ ዓይን ደክሟል።»

ውሸቴን ነው። ብርቄ አንድ ክር አስራ አታውቅም። ዓይኔም አልደከመም።

«መቼ ይደርሳል?»

«ለፋሲካ።»

እንግዳዋ ወደ እህታቸው ዞሩ። እሜቴ ሰላጣውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ክሩን የምታስረው እርሷ ከሆነች፣ ከወሰድሻት የእኔን ገበታ ማን ሊጠብቅልኝ ነው? ልጅቷ ትቆይ። ዘሩን እልክልሻለሁ» አሉ። ለብርቄ ብለው ሳይሆን ለገበታቸው ነው። ለእኔ ግን ያው ነው።

ወጥቼ ብርቄን በቀጥታ ወደ መደቡ ወሰድኋት። ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዘዝሁና በእጇ አስያዝኋት።

«የቷ ላይ ልሰር?» አለች።

«ገና አልታወቀችም። እንጠብቃለን።»

ለፋሲካ ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ከላዩ ቀይ ክር ታስሮበት፣ ጨርጨር ሄደ። ብርቄ አልሄደችም። ዛሬ ጀጎል ውስጥ የራሷ ቤትና ከቤቷ ጀርባ የራሷ መደብ አላት፤ ክሩንም ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቅበታለች።

ሥራውን ለምትይዙ የምለው ይህን ነው። ፍሬውን ከምትበሉት ቀድሞ ያፈራውን ለዘር ያዙ። ቅጠሉን ከምትበሉት መጨረሻ ያበበውን ያዙ። ክሩን አስቀድማችሁ አትሰሩ፤ ሁሉም አብቦ የቀረችው አንዷ ስትታወቅ እሰሩ።