ሳይጸለይ የተሰጠ መልስ

ሻሼ ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን በሚባል ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት ስትኖር ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ያገሯ ልጅ መስከረም ወደ የመን ልትሻገር ጅቡቲ ገባች። ባሕሩን ስታየው ግን ፈራች።

"እታለም፣ አንቺ ጸሎተኛ ነሽ። እግዚአብሔርን ጠይቂልኝ፤ ልሂድ ወይስ ልመለስ?" አለቻት።

ሻሼ ሥራ በዝቶባት ሳትጸልይ ሦስት ቀን አለፈ። መስከረም ስትደውልላት ረሳሁት ማለት አሳፈራትና፣ "ጸልያለሁ፤ መንገድሽ ቀና ነው፣ ሂጂ" አለቻት።

ጀልባዋ ተገለበጠች። መስከረም አልተረፈችም።

ሻሼ ለንስሐ አባቷ አልቅሳ ተናዘዘች። "እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል" አሏት።

"እኔን ይቅር ይበለኝ፤ እሷ ግን ምን አጠፋች፣ አባ? በስሙ ስዋሽ እያየ ለምን ዝም አለ?"

ቄሱም፣ "እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጄ" አሉ።

በማግስቱ ለመስከረም እናት ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው።

"ሂጂ ባትዪያት ኖሮ ልጄ ትመለስልኝ ነበር" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሻሼ ዛሬም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የሚሰማት መኖሩን እርግጠኛ ባትሆንም፣ የመስከረምን ስም ሳትጠራ አትወጣም።