ፎቅ ላይ ያለው ሰው

ያን ቅዳሜ አባቴ አገር ቤት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ባለችው ክፍል ውስጥ ከፊቴ ከተቀመጡት ተማሪዎች የአብዛኞቹ ወላጆች ይህን ያውቃሉ። ከተማሪዎቹም አንዷ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሳላውቅ የተናገርኩትን አንባቢ እያወቀ እንዲሰማው ስለምፈልግ ነው።

ለምን ደበቁህ ለሚለኝ መልሱ አጭር ነው። በሚቀጥለው ዓርብ የዶክትሬት ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ነበር፤ እዚህ አገር ዲስፑታስ ይሉታል። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ዓመታት ስጽፍ ኖሬ መጨረሻው ላይ እንዳልሰናከል ብላ፣ እህቴ ኦስሎ ላሉት ዘመዶቻችን ደውላ "እስኪጨርስ አደራ" ብላቸዋለች። አደራ ከተባለ ደግሞ የኛ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። ለእኔ የነገረችኝ ጸበል ሄዷል ብላ ነው። "እዚያ ስልክ አያስገቡም" አለችኝ። አመንኳት። አባቴ ጸበል ይወዳል፤ ውሸቱ በልኩ የተሰፋ ነበር።

አባቴና እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በስልክ እንገናኛለን። ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ "በረዶው ቀለጠ?" ይለኛል። ጥርም ይሁን ሐምሌ ጥያቄው አይቀየርም። አንዳንዴ ይሰለቸኝና "አባዬ፣ አሁን እዚህ በጋ ነው፣ ሰው በሸሚዝ ነው የሚሄደው" እለዋለሁ። እሱ ይስቅና በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ያንኑ ይጠይቀኛል። በዚያ ሳምንት ከሕንፃዎቹ ጥላ ሥር የቀረችው የመጨረሻዋ ጥቁር በረዶ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም ነበር። ከጸበል ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ወሬውን አስቀምጬለት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ተወልደው ያደጉ የኛን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ በሌላ ቀን የልደት በዓል ስለሚከራይ ግድግዳው ላይ የፊኛ ክር አይጠፋበትም። ተማሪዎቼ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ናቸው። በወላጆቻቸው ትእዛዝ "ጋሼ" ይሉኛል፣ በኖርዌይ ልማድ ደግሞ "አንተ" ይሉኛል። "ጋሼ፣ አንተ ዛሬ ፀጉርህን አላበጠርክም" ሲሉኝ መጀመሪያ አካባቢ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታቸው አንድ የጥንት አስፈሪ ልብወለድ አንብበው፣ ከእሱ የተሠራውን ፊልም አይተው እንዲያወዳድሩ አዟቸዋል። አብዛኞቹ መጽሐፉን እንዳልከፈቱት ፊታቸው ይናገራል። እኔም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ፊልሙን እዚሁ አብረን እንየው፣ አስተያየቱን ግን በአማርኛ ነው የምትሰጡት አልኳቸው። ከመጽሐፍ ንባብ ፊልም ይሻላል ብለው ተስማሙ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ወጣት ሴት ወንድሟን ፍለጋ ገደል አፋፍ ላይ ወደተሠራ ትልቅ አሮጌ ቤት ትመጣለች። የቤቱ ሰዎች በትሕትና ተቀብለው "አደን ሄዷል፣ ይመለሳል" ይሏታል። ወንድሟ ግን በጠና ታሞ እዚያው ፎቅ ላይ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። ከጣሪያው በላይ ሲያቃስት ትሰማና ምንድነው ስትል "ነፋስ ነው" ይሏታል። መጨረሻ ላይ ቁልፉን አግኝታ በሩን ስትከፍተው ሰውየው አልጋው ላይ ሞቷል።

መብራቱን ሳበራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ቤቱ ማሞቂያ የለውም ወይ፣ ራት የሚበሉት ካፖርት ለብሰው ነው አለ። ሌላዋ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲኖር ነርስ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለቷ ነው፣ እቤት ድረስ መምጣት አለባት ብላ ተቆጣች። ሙዚቃው ከመደንገጫው ቀድሞ እየመጣ አበላሸው ያለም ነበር። አማርኛቸው እየተሰበረ፣ በኖርዌይኛ እየተጠገነ፣ ብዙ ሳቅን። ልጆቹን በእውነት ያናደዳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ አትክልተኛው ሳይቀር፣ ያውቃል። እሷን ዓይን ዓይኗን እያዩ ሾርባ ይቀዱላታል። ይህን ነው ያልወደዱት።

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ በአባቴ በኩል ትዛመደኛለች። መጽሐፉን ጀምራ የጨረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ገረድ አለች አለችን። ገረዷ ሻይ ይዛ ስትገባ ለእንግዳዋ በጆሮዋ "ወንድምሽ ፎቅ ላይ ነው" ትላታለች፤ ስለዚህ ወንድምየው ከመሞቱ በፊት ሁለቱ አንድ ምሽት ሙሉ ያወራሉ።

"ፊልሙ ገረዷን አወጣት" አለች። "የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች። ለምን አወጣት?"

እኔም የአስተማሪ መልስ ሰጠኋት። ፊልም አጭር ነው፤ የሚናገር ሰው ከጠፋ ደግሞ ፍርሃቱ ይበረታል አልኩ። ቀጥላ ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬስ፣ እህቱ እንደመጣች ነግረውታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ፊልሙ አያሳይም፣ ታሪኩ የእህትየዋ እንጂ የሱ አይደለም አልኳትና አለፍኩት። ጥያቄውን እንደ ትርፍ ነገር ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ ለቤቱ ሰዎች ጥብቅና ቆምኩላቸው። ክርክር እወዳለሁ፤ በተለይ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል በሌላኛው ወገን መቆም ያምረኛል። እናንተ የምታስቡት እንደ ኖርዌይ ሰው ነው አልኳቸው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይወረወርም። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለቤቱ ብቻውን ሳይሆን፣ ግራና ቀኙን ደግፈው ነው የሚነግሩት። ምንም ማድረግ ለማይችል ሩቅ ላለ ሰው ስለ በሽታ ነግሮ እንቅልፍ መንሳትም ጭካኔ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል አልሰማችሁም ወይ አልኩ። "ይህ ውሸት አይደለም" ብዬ ደመደምኩ፣ "ሰውየው መሸከም እስኪችል ሌላው ይሸከምለታል ማለት ነው።" አነጋገሬ ለራሴ ጣፈጠኝ። ሁለት ልጆች ጽፈውት አየሁ፤ ደስ አለኝ።

መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ አልጻፈችም።

"አንተ ብትሆንስ፣ ጋሼ?" አለችኝ። "እንዲነግሩህ ትፈልጋለህ?"

ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። በሰው ፊት አማርኛ መናገር አስፈርቷት ነው ብዬ ገመትኩ። ላበረታታት ሳቅኩ።

"ናይ" አልኳት በእነሱው ቋንቋ እምቢ ስል፣ "እኔንስ በሰላም ያስተኙኝ። ቢያንስ እስከ ዓርብ።"

ክፍሉ ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔው ደግሞ በሳቅ ታጅቦ ነው የወጣው።

ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች። የፕሮጀክተሩን ገመድ ጠቀለለችልኝ፤ የተደረደሩትን ወንበሮች እንደገና ላስተካክል ወይ አለችኝ። እኔ በኮምፒውተሬ ላይ የዓርቡን ሥዕሎች እያገላበጥኩ ነበር። በር ላይ ቆማ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ደግማም አስተካከለች፣ ከዚያ መልካም ዕድል ብላኝ ሄደች። ቀና ብዬ አላየኋትም።

አባቴ ረቡዕ ሞተ። ሐሙስ ተቀበረ። ዓርብ እኔ አዲስ ሱፍ ለብሼ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የተጠየቅኩትን ሁሉ መለስኩ። የኛ ሰዎች ከኋላ መደዳውን ሞልተው ተቀምጠው ነበር፤ ሲያልቅ አጨበጨቡልኝ፣ ከመካከላቸው ግን እልል ያለ አልነበረም። የልጅቷ እናት አቅፋኝ አልለቅ አለችኝ፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። "የደስታ ቀን ምን ያስለቅሳል?" ብዬ ቀለድኩባት። ይህን ያህል ኮርተውብኛል ብዬ ልቤ ሞቀ። ልጅቷን ስጠይቅ ራሷን አሟት ቀረች አሉኝ።

እሑድ ማለዳ ግሩነርሎካ ሰፈር የምጋራው ቤት በሩ ተደወለ። የከፈተው ኖርዌጃዊው የቤት ጓደኛዬ ነው፣ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ። የዓርቡ የምርቃት ድግስ የቀጠለ መስሎት "ዛሬም እንግዳ አለህ" ብሎ በደስታ ጠራኝ። ወጣ ብዬ ደረጃውን ሳይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች እስከ ታች ድረስ ቆመዋል። እሑድ ማለዳ፣ ሳይደውል፣ ተሰብስቦ የመጣ አበሻ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ማን እንደሆነ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም ስልክ የማያስገባው ጸበል ትዝ ሲለኝ አወቅኩት።

ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ መጥቷል። ማንም ብቻዬን አልተወኝም። ለልጆቹ ካስተማርኩት አንድም የጎደለ የለም። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም፤ ግን የምቆጣው ማንን ነው? ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ቆሜ ሳወድስ የዋልኩት እኔው ነኝ። እነሱ ስለወደዱኝ ነው ያደረጉት፤ ይህን አልክድም። ግን አባቴ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ በሕይወት ነበር፣ መናገርም ይችል ነበር፣ ስልክም በኪሴ ነበረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለአርባው አገር ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ከእህቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር በመጨረሻ ምን ይል እንደነበር ጠየቅኳት። ስልክ በጮኸ ቁጥር "እሱ ነው?" ይል ነበር አለችኝ። ለፈተና ገብቷል፣ የገባበት ቦታ ስልክ አያስገቡም ብለውታል። ለእኔ የሰፋችውን ውሸት ለእሱም በልኩ ሰፍታለታለች። እሱም "እንዳትረብሹት" አለ። እሑድ ሲሆን ግን ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጉልኝ ይላቸው ነበር። እህቴ ይህን ስትነግረኝ እያየችኝ አልነበረም፤ እኔም ልቆጣት አልቻልኩም። ለእኔ ስትል ያደረገችው ነው፣ የሚጎዳትም ይኸው ነው።

ስመለስ ኦስሎ ለምልማ ጠበቀችኝ። ልጅቷ ክፍል መምጣት አቁማለች። እናቷ ፈተና አለባት ትለኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት ትሮስተሩድ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከማዶ ከመጣው ስትወርድ አየኋት። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ነበር። ከዚያ የጆሮዋን ማዳመጫ አወለቀችና አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ያን ቀን ልነግርህ ነበር የመጣሁት" አለችኝ። እናቷ አስምላት ነበር። ቢሆንም መሐላውን ለማፍረስ ወስና መጥታለች፤ ብቻ መጀመሪያ ልጠይቀው ብላ ጠየቀችኝ። ለትምህርት ቤት የጻፈችው ስለ ገረዷ ነበር። ፊልሙ የሚናገረውን ሰው በማውጣቱ ተሳስቷል ብላ ተከራክራ ጥሩ ነጥብ አመጣች። ጽሑፉን ከዚያ ወዲህ ልታየው አልቻለችም።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ልጆች ትልቅ ሰው ሲመክራቸው እንደሚያደርጉት አንገቷን ነቀነቀች፤ እንዳላመነችኝ ገባኝ። ስለዚህ ምክሩን ተውኩት።

"ያኔ ጠይቀሽኝ ያልመለስኩልሽ ነገር አለ" አልኳት። "ፎቅ ላይ ስላለው ሰውዬ።"

"አዎ" አለች።

"አልነገሩትም።"

ወዲያው ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባቡሬ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። እኔም አልተነሳሁም። ስለ ስልኩና ስለ ትራሱ ነገርኳት፤ ከመርዶው ወዲህ ከማንም ምንም መደበቅ አልፈልግም ነበር። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ብነግርህ ኖሮ ምን ትለው ነበር?" አለችኝ።

ብዙ ትልልቅ ነገር የምለው ይመስለኝ ነበር። ለወራት ሳስብበት ከርሜያለሁ። ስጠየቅ ግን አንድ ብቻ ነው የመጣልኝ።

"በረዶው ቀልጧል እለው ነበር።"