ውሃ የለም ተብሎ የተሠራ መንገድ

ጎረቤቶቹ «ቦይ ጠራጊው» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በመንገድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከመንገድ ዳር ተጎንብሶ የተደፈነ ቱቦ ሲከፍት የኖረ ሰው ነው፤ ጎርፍ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ግን አዲስ የጠጠር መንገድ በሰፈሩ ያልፋል ሲባል፣ ዕውቀቱን የፈለገው ሰው ጠፋ።

አውቶቡስ ሊገባልን ነው ብሎ ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። የሚያሰጋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበጋ ደርቆ በክረምት የሚሞላው ፈፋ።

«ፈፋውን ካዩ ድልድይ ይፈልጋል ብለው መንገዱን ወደ ላይኛው ሰፈር ያዞሩብናል» አለ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቦይ ጠራጊው ሚስት ወንድም። ቀያሾቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ሰው ሁሉ ነቅሎ ወጣና ፈፋውን በአፈርና በፍርስራሽ ሞልቶ ደለደለው።

«ፈፋውን ደፈናችሁ። ሰማዩንስ በምን ልትደፍኑት ነው?» አለ ቦይ ጠራጊው።

«አንተ ደግሞ ከቱቦ ሌላ አይታይህም!» አለው አማቹ። «ከጠየቁህ አፍህን ያዝ። ለእህቴ ስትል።»

ጠየቁትም። «አባባ፣ በዚህ በኩል ውሃ ያልፋል?» አለው ቀያሹ። አማቹ ከጎኑ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ቦይ ጠራጊውም «እንጃ» አለ። ያቺ ቃል እስካሁን ታንገበግበዋለች።

መንገዱ ከደጃፎቹ በጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ተሠራ። ድሮ ወደ ቤቱ ዘው ይል የነበረ ሰው አሁን ጉድጓድ እንደሚገባ ወርዶ ይገባል። ከመንገዱ ሥር አንድ ቱቦ እንኳ አልተቀበረም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከዳገቱ ወርዶ ሲደርስ መንገዱ ግድብ ሆነበት፤ ተመልሶ ቤቶቹን ሞላ። የቦይ ጠራጊው ሚስት የስፌት መኪናዋን አልጋ ላይ አውጥታ አተረፈች። የጭቃው ግድግዳ ግን እስከ ጉልበት ራሰ፤ አንድ ዝናብ ቢደገም እንደማይችል እሱ እጁን አስደግፎ አወቀ።

በነጋታው በጠዋት መንገድ መሥሪያ ቤት ሄደ። መሐንዲሱ ሥዕሉን ዘረጋለት። «አባባ፣ እዚህ ላይ ውሃ የለም። ነዋሪዎቹ ፈርመዋል።»

«ውሃውንስ አስፈርማችሁታል?»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ፤ ንዴቱን ያባሰው ይህ ፈገግታ ነው።

«እኛ ዋሸን፣ እሺ። እናንተ ዳገቱን አላያችሁም? ስንት ቱቦ ጠርጌላችኋለሁ፤ የቱን ነው ሰፈርተኛ ጠይቃችሁ የቀበራችሁት? ዓይናችሁ የት ሄዶ ነው?»

«በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እናየዋለን።»

ቦይ ጠራጊው ሥዕሉን ትቶለት ወጣ። ቤቱ ተመልሶ ዶማውን አነሣና ፈፋው በነበረበት ቦታ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ዳገቱ ላይ ደመናው ጠቁሯል። አማቹ እየሮጠ ደርሶ የዶማውን እጀታ ያዘ።

«አብደሃል? መንገዱን ቆርጠህ እስር ቤት ልትገባ ነው!»

«እዚያስ ደረቅ ነው።»

ሰው ከበባቸው። ግማሹ «ተው ጋሼ፣ አውቶቡሱ ይቀርብናል» ይላል፤ ግማሹ ቤቱ ያለውን ጭቃ እያሰበ ወደ ዳገቱ ያያል። ቦይ ጠራጊው አማቹን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀው፤ «እስቲ ተናገር፣ እዚህ ውሃ ያልፋል አያልፍም?»

 መልሱ የመጣው ከታች ነው። ሚስቱ አካፋ ይዛ ከደጇ ወጣች፤ ወንድሟን ገፋ አድርጋ አለፈች።

«ያልፋል! አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። እጅህን አንሣ!»

አማቹ እጁን አነሣ። ሌሎቹም ተራ በተራ ዶማ ይዘው መጡ። ዝናቡ ሲወርድ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ ነበር፤ ጎርፉም ቤቶቹን ትቶ በዚያው ፈሰሰ።

በማግሥቱ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አፈር ጭኖ መጣ፤ ተቆጣጣሪው ጉድጓዱ ይደፈን ብሎ አዘዘ። ቦይ ጠራጊው ወርዶ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ቱቦ አምጡ» አላቸው፤ «አለዚያ እኔንም አብራችሁ ድፈኑ።»