መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር

ያን ቀን መካ የሄድኩት ለዑምራ አልነበረም። የሄድኩት አንድ የበር መቀርቀሪያ በየት በኩል እንደሆነ ለማየት ነው።

በወጣትነቴ ያገለገልኩበት የጅዳ ቤት ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። የምተኛው ጣሪያው ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ከምሽቱ የኢሻ ሶላት በኋላ አሠሪዬ ማዳም ደረጃውን ወጥታ በሩን ከውጭ ትቀረቅርብኛለች፤ ጎህ ሲቀድ ለፈጅር ሶላት ትከፍትልኛለች። የሌሎች ቤት ሠራተኞች እየጠፉ ኑዝላ የሚባለው የአበሻ ሰፈር ስለሚገቡ፣ እኔም እንዳልጠፋባት ነው። ወደዚህ አገር ላመጣችኝ አክስቴ ብነግራት ሄዳ ማዳምን ጠየቀቻት። ማዳም፣ «ወላሂ፣ ከውስጥ የምትዘጋው ራሷ ናት» ብላ ማለችላት። አክስቴ መሐላውን አመነች። ከዚያ ወዲህ የአገሬ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ውሸታም ተብዬ ኖርኩ። አክስቴም እንዳላመነችኝ ሞተች። ቤቱ ሲፈርስ ምስክሬ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ግን የማዳም ልጅ ደወለችልኝ። አዝዬ ያሳደግኳት ናት፤ አሁን የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ሞግዚትን እዚህ ዳዳ ነው የሚሏት፤ እሷም እስከ ዛሬ እንደዚያው ትጠራኛለች።

«ዳዳ፣ ቤታችንን በትንሹ በእንጨት ሠራሁት! መካ፣ የሕንፃ ሞዴሎች ሙዚየም ውስጥ አስቀምጠውታል። እማማም ትመጣለች። ያላ፣ እንሂድ!»

መንገድ ላይ ያለችውን የባሕራን ከተማ እስክናልፍ ማዳም ከፊት ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ ብቻ አወራች። እኔም ስለ ጉልበቷ ጠየቅኋት።

ሙዚየሙ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። የፈረሱ ሰፈሮች በመስታወት ሳጥን ውስጥ እንደገና ቆመዋል፤ መንገዶቹ ላይ ፊት የሌላቸው፣ ጥፍር የሚያካክሉ ነጫጭ ሰዎች ተተክለዋል። ባለፍን ቁጥር ወደ እኛ የዞሩ እየመሰለኝ ዓይኔን አነሳሁ።

የእኛ ቤት መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበር። ውስጡ እንዲታይ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። ስጠርገው የኖርኩትን ደረጃ በዓይኔ ወጣሁት፤ ላቤ መጣ። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከሩ አለ፣ የልብስ ማስጫው ክር አለ፣ የእኔ በር አለ። በሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል መቀርቀሪያ ተለጥፋለች።

«ከውጭ ነው» አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ።

«ምኑ ዳዳ?»

«መቀርቀሪያው።»

ሳቀች። «የጂኑ ክፍል ነዋ! ረሳሽው እንዴ? ጣሪያው ላይ ጂን ነበር'ኮ። እማማ እንዳይወርድብን ማታ ማታ ትቀረቅርበት ነበር። እኔና ወንድሜ አልጋችን ውስጥ ሆነን እንሰማዋለን፤ ይራመዳል፣ ያስላል። አንድ ሌሊትማ የውሃውን ቧንቧ ሲመታ አደረ። ጂን ያርቃል የሚባለውን አያተል ኩርሲን እየቀራን ነው ያነጋነው።»

ማዳም የሌላ ቤት ሞዴል ታይ ጀመር።

«እኔስ የት የምተኛ ይመስልሽ ነበር?» አልኳት።

«ታች ነዋ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ። እማማ እንደዚያ ነበር የምትለን።»

በጣቷ አሳየችኝ። ትንሽዬ አልጋ ሠርታልኝ ቀይ ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው የሩዝ ጆንያ ነው።

ወዲያው በየተራ እንዲጠፋ የተሠራው የሞዴሉ መብራት እንደ ምሽት ደብዘዝ አለ። የታችኛው ፎቅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ክፍል። ጣሪያው ላይ ያለችው ክፍል መብራት ብቻ ቀረ።

«ጂኑ እንዳይቀየመኝ ብዬ የእሱን አላጠፋሁበትም» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እኔ ያን ሌሊት በክፍሌ የሚያልፈውን ቧንቧ እንደመታሁት አድርጌ መስታወቱን በቀለበቴ መታሁት፤ መጀመሪያ ዝግ ብዬ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ።

ሳቋ ቆመ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንውጣ፤ መቆም አልቻልኩም» አለች ማዳም።

ልጅቷ ግን እናቷን አላየችም። እኔን እያየች ወደ ኋላ ሸሸች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምን እንደምትቀራ አውቄዋለሁ፤ ሕፃን ሆና ያስቀራኋት እኔ ነኝ። እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ስትጨርስም እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

«ያን ሌሊት ምን ፈልገሽ ነበር?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ውሃ። ትኩሳት ይዞኝ ነበር።»

ወደ እናቷ ዞረች። «እማማ፣ እላይ የነበረችው ዳዳ ናት?»

ማዳም መሸፈኛዋን አስተካከለች። «ምን ውሃ ያሳጣታል?» አለች ተቆጥታ። «ታንከሩ አጠገቧ አልነበረም?»

ልጅቷ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ ከውጭ በተቀረቀረው በርና በታንከሩ መካከል ያለውን ቦታ ስታይ ቆየች። እኔም አላስቸኮልኳትም።