ፖፕ ኢን ብዬ በባዶ ሆዴ የተመለስኩ ለት

ከትውልድ ከተማዬ ከመካነ ኢየሱስ የወጣሁ ለት ሊነጋጋ ሲል እናቴ አውቶቡሱ ድረስ ተከትላ ታጎርሰኛለች። «ጠግቤያለሁ» ባልኩ ቁጥር «በሞቴ!» ትላለች። ስደተኛ ሳይሆን ለበዓል የሚሰባ በግ መስዬ ተሳፈርኩ።

በእኛ አገር እንግዳ ቢርበውም «በልቻለሁ» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ አይሰማውም፤ እስኪቀምስ ይለምነዋል። ይህን ሥርዓት ተሸክሜ ለንደን ገባሁ።

አከራዬ ከታች የሚኖሩ ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። አንድ ቀን «ሲመችህ ፖፕ ኢን በል» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ የቋንቋ አስተማሪዬን ጠየቅሁት። «ያለ ቀጠሮ ለትንሽ ጊዜ ብቅ ማለት ነው፤ የወዳጅ አነጋገር ነው» አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የማንንም ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በማግስቱ የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ዘበኛውን ሳይቀር «ፖፕ ኢን ብዬ ነው» አልኩት።

«ቀጠሮ አለህ?»

«ፖፕ ኢን ቀጠሮ አያስፈልገውም።»

«እዚህ ያስፈልገዋል» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

እሑድ ፀጉሬን አበጥሬ ወደ ማርጋሬት ወረድኩ። ሁዳዴ ገና አልገባም፤ ቤቱን የተጠበሰ ዶሮ ሽታ ሞልቶታል።

«ምሳ ትበላለህ?»

«በልቻለሁ» አልኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። አሁን ይለምኑኛል ብዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ጥሩ!» ብለው ብቻቸውን ይበሉ ጀመር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ውኃ ላምጣልህ?»

ልማድ ክፉ ነው፤ «ይቅርብኝ» አልኩ። ውኃውም ቀረ። ዶሮው አጥንት ብቻ ሲሆን «ፖፕ ኢን ስላልክ ደስ ብሎኛል» ብለው ሸኙኝ። እሳቸውስ ምን አጠፉ? ቂም የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በዶሮ።

አስተማሪዬ ሲሰማ ሳቀ። «እዚህ ሁለተኛ አይጠየቅም» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ገና ሳይጠይቁኝ «እበላለሁ!» አልኩ። ደህና አድርጌ በላሁ፤ ማርጋሬትም ደስ አላቸው። ግን የለመነኝ ሰው ስላልነበረ እንግዳ መሆኔ አልተሰማኝም፤ ሆዴ ሞልቶ ከፋኝ።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ማርጋሬት ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

«ልጀ፣ የት ፈሰክህ?»

«በልቻለሁ፣ እምየ።»

«አትዋሸኝ! አፈር ስሆን ቅመስ! በሞቴ!»

ጠረጴዛው ላይ የትናንት ዳቦ ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ቆርሼ ጎረስኩ። ሳኝክ ሰማችኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋ ለስለስ አለ።

«ድገም እንጅ» አለች።

ደገምኩ።