ጃሲብ ያወጣው ሙቀት

የባስራው ጃሲብ ዕድሜውን የፈጀው ኤሲ በመግጠም ነው። ደንበኛ «ይሄ ነገር ብርዱን ከየት ነው የሚያመጣው?» ባለው ቁጥር ደሙ ይፈላል።

«ብርድ አያመጣም ወንድሜ፤ የክፍልህን ሙቀት ዝቆ ውጭ ነው የሚደፋው።»

ሙቀቱን የሚተፋውን ሣጥን ደግሞ፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ፣ ጣራ ላይ ያስቀምጠዋል።

አባቱ ሐጂ ዓጊል እንደ ድሮ ሰው በጋውን ለነፋሱ ብለው ጠፍጣፋው ጣራቸው ላይ ነበር የሚተኙት። ዘንድሮ አንድ ምሽት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወረዱ። ጃሲብ በየጎረቤቱ ጣራ የደረደራቸው ሣጥኖች ትኩስ አየር እየለቀቁ ፊታቸውን አቅልተውታል።

«አባባ፣ ነገውኑ ለእርስዎም ልግጠምልዎ» አለ ጃሲብ አንገቱን ደፍቶ።

«የእኔንስ ሙቀት ማን ላይ ልትደፋው ነው? ጎረቤታችን ኡም ጋዚ እኮ አሁንም ጣራዋ ላይ ናት።»